የእማማ ቶሎ እቶን

ዛሬ ልንሸኛቸው የተሰበሰብንላቸው እናታችን፣ አያታችንና ጎረቤታችን እማማ ቶሎ፣ ከጋሪ ነጂው አባታቸውና ከልብስ አጣቢዋ እናታቸው በ1938 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱባት ቤት ከከተማው ዳር፣ ከወንዙ ድልድይ ወረድ ብላ የምትገኝ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበረች። አባታቸው አዋላጅ ለመጥራት ፈረሱን ገና ጋሪው ላይ እየጠመዱ ሳለ የሕፃን ልቅሶ ከውስጥ ተሰማ። አዋላጇ ስትደርስ ሕፃኗን ታጥባ፣ ተጠቅልላ፣ ጡት ይዛ አገኘቻት። «ይቺስ ቶሎ ናት፤ እኔን ለምን አደከማችሁኝ?» ብላ ሻይዋን ጠጥታ ሄደች ይባላል። ስማቸው በዚያው «ቶሎ» ሆኖ ቀረ። በመዝገብ ላይ የሰፈረ ሌላ ስም ነበራቸው፤ ነገር ግን በዚያ ስም ሲጠሩ ዘወር ብለው አያዩም ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አራተኛ ክፍል ተምረዋል። መምህራቸው «ጥያቄውን ሳልጨርስ ትመልሳለች፤ የምትመልሰው ግን ሌላ ጥያቄ ነው» ይሉ ነበር። የእናታቸው እጅ በሳሙናና በቀዝቃዛ ውሃ ሲቆስል ትምህርታቸውን አቋርጠው ልብስ ማጠብ፣ ማስጣትና ለየባለቤቱ ማድረስ ጀመሩ። በሥራ የሚስተካከላቸው አልነበረም። ችግራቸው ልብሱ ሳይደርቅ ማጠፋቸው ነበር። እናታቸው «ልጄ፣ የፀሐይዋን ሥራ እንኳ ለፀሐይዋ ብትተዪላት ምናለበት?» እያሉ የታጠፈውን ፈትተው እንደገና ያሰጡት ነበር።

በ1958 ዓ.ም. የወላጆቻቸው ቤት ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረ። እማማ ቶሎ ጥቂት የጣሪያ ሸክላ ለመግዛት ከወንዙ ማዶ ወዳለው የሸክላ መሥሪያ ግቢ ሄዱ። የግቢው ባለቤት እቶኑ ገና ስላልበረደ ሌላ ቀን እንዲመጡ ነገሯቸው። በማግስቱ ሄዱ፤ አልበረደም። እንደገና ሄዱ፤ አሁንም አልበረደም። «ሆን ብለህ ነው የምታመላልሰኝ?» ብለው ቢቆጡ የሸክላ ሠሪው ፊት ቀላ። የሸክላ ሠሪው ታላቅ እህት ይህን ታሪክ ሲያወሩ «ሸክላው እስኪበርድ ወንድሜ ጋለ» ይላሉ። በዚያው ዓመት ተጋቡ።

እኚህን ታላቅ እህት ሁላችንም እቴቴ ነው የምንላቸው። ዛሬም እዚህ በመካከላችን ተቀምጠዋል። በዚያ ግቢ ጭቃ የሚያቦኩት እቴቴ ነበሩ። አፈሩን ይነፋሉ፣ በጉድጓድ ውስጥ በውሃ ይዘፈዝፋሉ፣ በእግራቸው ይረግጣሉ፣ በእጃቸው ያሻሉ። አንዲት ጠጠር አታመልጣቸውም ነበር። ወንድማቸው እሳቱን ይጠብቃሉ። እማማ ቶሎ ደግሞ ሸክላውን በቅርጽ ያወጣሉ፣ ያደርቃሉ፣ እቶኑ ውስጥ ይደረድራሉ፣ ከገዢ ጋር ይነጋገራሉ።

ሸክላ ሲተኮስ የእቶኑ አፍ በጡብ ተዘግቶ በጭቃ ይለሰናል። እሳቱ ከጠፋ በኋላ እቶኑ ቀስ ብሎ እስኪበርድ መጠበቅ ግድ ነው። ቀዝቃዛ አየር የጋለ ሸክላ ላይ ከደረሰ ይሰነጥቀዋል። በዚያ ግቢ የእቶኑ መብረድ የሚታወቀው በጉንጭ ነበር። እጅ በሥራ ስለሚደነድን አይታመንም፤ ስለዚህ ጉንጭን ወደ እቶኑ ግድግዳ ያስጠጋሉ። ግድግዳው ከጉንጭ ከቀዘቀዘ ይከፈታል፤ ካልቀዘቀዘ ማንም ምንም ቢል አይከፈትም። ወንድምና እህት ይህን ሕግ የወረሱት ከአባታቸው ነው። እማማ ቶሎ በሕጉ ይገዙ ነበር እንጂ አይወዱትም ነበር። እቶኑ በተዘጋ ቁጥር ግቢውን ሲዞሩ፣ የተጠረገውን ሲጠርጉ ይውሉ ነበር። እቴቴም «እስቲ ቁጭ በይ፤ አንቺ ስትዞሪ እቶኑ ራሱ ዞረበት» ብለው ያሾፉባቸው ነበር።

እማማ ቶሎና ባለቤታቸው ሦስት ልጆች ወለዱ። ታላቋ ዛሬ መምህርት ናት፤ መካከለኛው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ታናሿ የሸክላ ግቢውን ታስተዳድራለች።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው እማማ ቶሎ በሕመማቸው ወራት ለልጆቻቸው የነገሩት ነው። በቀብራቸው ላይ፣ በሰው ፊት፣ ሳይቀነስ እንዲነበብ አዘዋል።

በ1970 ዓ.ም. በሰፈሩ የሚሠራው የአዲሱ ትምህርት ቤት ጣሪያ ሸክላ ለዚህ ቤተሰብ ተሰጠ። እስከዚያ ቀን እንዲህ ያለ ትልቅ ሥራ አግኝተው አያውቁም። የመጨረሻው ሸክላ ተተኩሶ የእቶኑ አፍ እንደተለሰነ፣ ለወራት ሲያስሉ የቆዩት ባለቤታቸው ደም ተፉ። ያን ዕለት ሆስፒታል ገቡ። ሐኪሙ ሳንባቸውን ካዩ በኋላ «አሁን ምንም ማለት አይቻልም» አሉ። ባለቤታቸው ግን አልጋ ላይ ተኝተውም ስለ እቶኑ ነበር የሚያስቡት። «እቶኑ በራሱ ጊዜ ይበርዳል። ጉንጭሽ እሺ እስኪልሽ አትንኪው» አሏቸው። እማማ ቶሎም «እሺ» አሉ።

በእነዚያ ቀናት እማማ ቶሎ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ባላቸው ይተርፉ እንደሆነ አያውቁም። ቢተርፉ እንኳ ዳግመኛ እሳት ፊት ይቆሙ እንደሆነ አያውቁም። ዝናብ እየቀረበ ነው፤ የግንባታው ኃላፊ በየቀኑ «ሸክላው የት ደረሰ?» እያለ ይልካል፤ ሦስት ልጆች አባታቸውን ይጠይቃሉ። መልስ የሚሰጥ ሰው ቸገራቸው። ከሁሉም ነገር መካከል ጡብ ፈንቅለው ሊያዩት የሚችሉት እቶኑን ብቻ ነበር።

አንድ ጠዋት እቴቴ ወንድማቸውን ሊጠብቁ ሆስፒታል ሄደዋል፤ የግቢው ሠራተኞችም ዕረፍት ላይ ነበሩ። እማማ ቶሎ ጓዳቸው ውስጥ ተንበርክከው «ጌታዬ፣ ቶሎ በልልኝ» ብለው ጸለዩ። ጸልየው ሲያበቁ መልሱን አልጠበቁም። ወደ እቶኑ ሄደው ጉንጫቸውን አስጠጉ፤ ግድግዳው ፈጃቸው። ሙቀቱ የተሰማቸው በገዛ ጉንጫቸው ነው፤ አላወቅሁም ሊሉ አይችሉም። እንዲያም ሆኖ መሮ አንሥተው ከእቶኑ አፍ ላይ አንዲት ጡብ አወጡ። «ለማየት ብቻ» ነበር ለራሳቸው ያሉት።

አዩም። ሸክላው በረድፍ በረድፉ፣ አንድም ሳይጎድል፣ ደህና ሆኖ ቆሟል። ከሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አላቸው። ወዲያው ከወንዙ በኩል የመጣ ነፋስ በጆሯቸው አጠገብ አልፎ በቀዳዳው ገባ። ቀጭ የሚል ድምፅ ሰሙ። ዝም አለ። ከዚያ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ከረድፍ ወደ ረድፍ ሄደ። እማማ ቶሎ ጡቧን መልሰው ከተቱ። ከእቴቴ ጉድጓድ አንድ እፍኝ ጭቃ ዘግነው ለሰኑባት። እጃቸውን ታጥበው፣ የተቃጠለውን ጉንጫቸውን በሻሽ ሸፍነው ለልጆቹ ምሳ ሠሩ።

እቶኑ በርዶ የሚከፈትበት ቀን ሰው ሁሉ መጣ። የግንባታው ኃላፊ፣ የጭነት መኪናው ሾፌር፣ ሠራተኞቹ፣ ጎረቤቶቹም ነበሩ። እቴቴ ጉንጫቸውን አስጠግተው «በርዷል» አሉ፤ አፉ ተከፈተ። የግንባታው ኃላፊ የመጀመሪያውን ሸክላ ሲያነሣ እጁ ላይ ለሁለት ተከፈለ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ደህና የተረፈው ከኋላ ያለው ጥቂቱ ብቻ ነበር።

«ምን ነክቶት ነው?» አለ ኃላፊው።

ሾፌሩ መኪናው ላይ ተደግፎ «ጭቃው ይሆናላ። በደንብ ያልቦካ ጭቃ እንዲህ ነው የሚያደርገው» አለ። ይህ ሰው ስለ ጭቃ የሚያውቀው ጎማው ሲሰምጥ ያየውን ያህል ነበር። ግን ሰው ሁሉ ወደ እቴቴ ዞረ። እቴቴ ደግሞ ወደ እማማ ቶሎ ዞረው አዩአቸው።

እማማ ቶሎ «እኔ ጭቃ አላቦካም» አሉ።

ቃሉ ሐሰት አልነበረበትም። እማማ ቶሎ ጭቃ አያቦኩም ነበር። «በሕይወቴ ከተናገርኩት ውሸት ሁሉ የከፋው ያ እውነት ነው» ብለዋል በመጨረሻ ዘመናቸው። እቴቴ ወደ ውሃው በርሜል ሄደው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጠቡ፤ በቀሚሳቸው ጫፍ አደረቁና ከግቢው ወጡ። ከልጅነታቸው ጀምሮ በኖሩበት ጭቃ ላይ ከዚያ ቀን ወዲህ እጃቸውን አላሳረፉም። ዋናው መንገድ ላይ ባለው ዳቦ ቤት አቡኪ ሆነው ተቀጠሩ። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ሥራውን ይችሉት እንደሆነ ሲጠይቃቸው «ሊጥ ቢያንስ አይከሰኝም» አሉት ይባላል።

ትምህርት ቤቱም ሸክላውን መጠበቅ ስላልቻለ በቆርቆሮ ተከደነ።

ባለቤታቸው ከሞት ተርፈው ወደ ቤት ተመለሱ፤ ከጭስ አጠገብ እንዳይደርሱ ግን ሐኪም ከለከላቸው። ሸክላው ምን እንዳገኘው ሲጠይቁ እማማ ቶሎ «ጭቃው ነው ይላሉ» አሉ። ባለቤታቸው «እቴቴ ጭቃ አበላሽታ አታውቅም» አሉ። እህታቸውን ሊጠይቁ ዳቦ ቤቱ ድረስ ሄዱ። እቴቴም «ሚስትህን ጠይቅ» ብለው ወደ ሊጣቸው ተመለሱ። ወንድማቸው ይህን ሲሰሙ እህታቸው የራሳቸውን ጥፋት በሚስታቸው ላይ ሊያላክኩ የፈለጉ መሰላቸው፤ ተቀየሙ። ከዚያ በኋላ ዳቦ ሲያስፈልግ እህታቸው በተቀጠሩበት ዳቦ ቤት በር ላይ አልፈው፣ ማዶ ካለው ሱቅ ይገዙ ነበር። እማማ ቶሎ ያን ዳቦ በየቀኑ ቆርሰው ለልጆቻቸው ሲያቀርቡ ኖረዋል።

እማማ ቶሎ እውነቱን ለባለቤታቸው ሊነግሩ ያልሞከሩ አይደሉም። አንድ ጊዜ ልብስ እያሰጡ ሳለ ቆርጠው ተነሥተው አጠገባቸው ቁጭ አሉ። ባለቤታቸው ቀድመው «አንቺ ባትኖሪ ይህ ቤት የት ይደርስ ነበር?» አሏቸው። እማማ ቶሎ ተነሥተው ወደሚያሰጡት ልብስ ተመለሱ። ባለቤታቸው በ1983 ዓ.ም. ከእህታቸው ጋር ሳይታረቁ፣ እውነቱንም ሳያውቁ ዐረፉ። እቴቴ ቀብሩ ላይ ከሁሉ ኋላ ቆመው ነበር።

ከ1970 ዓ.ም. በኋላ የግቢው ሥራ በሙሉ በእማማ ቶሎ ላይ ወደቀ። ጭቃ ማቡካት ተማሩ። ያኔ ነው እቴቴ በየቀኑ ምን ሲሸከሙ እንደኖሩ የገባቸው። እግራቸው ተሰነጣጠቀ፣ ጥፍሮቻቸው ወላለቁ። እሳቱንም ራሳቸው ይጠብቁ ጀመር። ጸሎታቸው ተለወጠ። «ቶሎ በልልኝ» ማለት ተዉ። በምትኩ «ጌታዬ፣ የማላውቀውን አንተ ታውቀዋለህ፤ የማውቀውን እኔ እሠራለሁ» ይላሉ፤ ከዚያ ተነሥተው ጭቃ ጉድጓድ ውስጥ ይገባሉ። ቆርቆሮ በየቦታው ሲሸጥና የጣሪያ ሸክላ ፈላጊ ሲያጣ፣ የአበባ መትከያና የውሃ ማቀዝቀዣ ገንቦ መሥራት ጀመሩ። ሥራ የታጣበት ወር ነበር፤ ጉድጓዱ ባዶ የሆነበት ወር ግን አልነበረም።

በሰፈሩ በኩል ሰፊ መንገድ ይወጣል ተብሎ ግቢው እንዲነሣ በተነገረ ጊዜ፣ ሌሎች ሸክላ ሠሪዎች ዕቃቸውን እየሸጡ ተበተኑ። ማን የት እንደሚወድቅ የሚያውቅ አልነበረም። እማማ ቶሎ ያን ዕለት አፈር ነፍተው ዘፈዘፉ። መካከለኛው ልጃቸው «እማዬ፣ እቶን የሌለው ሰው ጭቃ ምን ያደርግለታል?» ቢላቸው፣ «የት እንደምንተኩሰው አላውቅም፤ ጭቃው ግን ወር መዘፍዘፍ አለበት» አሉት። ቤተሰቡ ቦታ ተሰጥቶት እቶኑን ጡብ በጡብ አፍርሶ ዛሬ ወዳለበት ሲያዛውር፣ በሰፈሩ ውስጥ የተዘጋጀ ጭቃ የነበራቸው እርሳቸው ብቻ ነበሩ።

በሌላው ነገር ሁሉ ግን ከ1970 ዓ.ም. ወዲህ እንደ ስማቸው አልነበሩም። የቸኮለ ገዢ «እማማ ቶሎ፣ ሸክላዬ መቼ ይደርሳል?» ሲላቸው «ሲበርድ» ይላሉ። «መቼ ይበርዳል?» ሲላቸው «ሲደርስ» ይላሉ። አዲስ ሰው ስማቸውን ሲሰማ ለቀልድ የወጣላቸው ይመስለው ነበር። ጉንጫቸውን እቶኑ ላይ ሲያስጠጉ ከቆዩበት ዘመን ብዛት ቀኝ ጉንጫቸው ጠቁሮ ቀረ። ልጅ ሆነን አብሯቸው የተወለደ ምልክት ይመስለን ነበር።

በጸሎት ቤታችን ስለ ትዕግሥት ሲነሣ የእርሳቸው ስም ይጠራል፤ እርሳቸው ደግሞ ስማቸው ሲጠራ የሆነ ሰበብ ፈልገው ይወጣሉ። የሚጋቡ ልጆች ምክር ሊጠይቋቸው ሲመጡ «እኔን አትጠይቁኝ፤ ዳቦ ቤት ሄዳችሁ እቴቴን ጠይቁ» ይሏቸዋል። ሁላችንም ትሕትና መሰለን። ባመሰገንናቸው ቁጥር የምንመታቸው በጥፊ መሆኑን አናውቅም ነበር።

ከሁሉም የሚከብዳቸው ዝናብ ነበር። ያ የትምህርት ቤት ቆርቆሮ ዝናብ ሲመታው የመምህሩ ድምፅ አይሰማም፤ ትምህርት ይቆማል። የራሳቸው ልጆች እየሮጡ መጥተው «ዛሬ ዘነበ፣ አልተማርንም» ብለው ሲደሰቱ፣ እማማ ቶሎ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ነበር። ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ፣ ከየተኩሱ ጥቂት ጥቂት ሸክላ እየለዩ ማስቀመጥ ጀመሩ። ሲበቃ አንድ ክፍል ያስከድናሉ፤ ሲበቃ ሌላውን። በ1991 ዓ.ም. የትምህርት ቤቱ ጣሪያ በሙሉ ሸክላ ሆነ። ተማሪዎቹ አላመሰገኗቸውም፤ «እማማ ቶሎ ዕረፍታችንን ወሰዱብን» ብለው አኮረፏቸው። ርእሰ መምህሩ በግድግዳው ላይ የእርሳቸውን ስም ሊያስጽፉ ሲፈልጉ «የእቴቴን ስም ጻፉበት» ብለው ለመኑ። አሁንም ትሕትና መሰለን። ግድግዳው ባዶውን ቀረ።

በ2015 ዓ.ም. ልባቸው ደከመ። ሐኪሟ መርምራቸው «እማማ፣ አሁን ምንም ማለት አይቻልም» ስትላቸው ሳቁ። «ይህን ቃል አውቀዋለሁ። ባለፈው ጊዜ ስሰማው መሮ አነሣሁ» አሏት። እርሷ ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባትም። ቤት ሲመለሱ እቴቴን አስጠሩ።

እቴቴ በብብታቸው ዳቦ ይዘው መጡ። ከዚያ ቤት ደጃፍ ከረገጡ አርባ አምስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ታናሿ ልጅ ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸው። እማማ ቶሎ እጃቸውን ይዘው «እቴቴ፣ እቶኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ» አሉ።

«አውቃለሁ» አሉ እቴቴ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዚያው ቀን። የአንዷ ጡብ ጭቃ እርጥብ ነበር። የገዛ ጭቃዬን ላላውቀው ነው?»

እማማ ቶሎ ለምን ዝም እንዳሉ ጠየቋቸው። እቴቴ ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው መለሱ። «ወንድሜ ሞት አፋፍ ላይ ነበር፤ ሚስቱንም ላሳጣው አልፈለግሁም። ሲድን ትነግረዋለች አልኩ። ዳነ፤ አልነገርሽውም። ከዚያ በኋላ አንቺ እስክትናገሪ እኔ አልናገርም አልኩ። የእኔ ኩራት ነው። ወንድሜን አንቺ ብቻ አይደለሽም የወሰድሽብኝ፤ እኔም በኩራቴ ሰጥቼሻለሁ።»

«ይቅር በይኝ፣ እቴቴ። ጣሪያውን እንኳ ለማስተካከል ሞክሬ ነበር።»

«ጣሪያ ላይ ከምትለፊ አፍሽን ብትከፍቺ ይቀልሽ ነበር። ለእኔ መንገርሽ ምን ያደርግልኛል? እኔማ አውቀዋለሁ። በሰው ፊት ነው ያልሽው፤ በሰው ፊት አውሪው።»

እማማ ቶሎ እሺ አሉ። እንዲናገሩ ልጆቻቸው በወንበር ተሸክመው ወደ ጸሎት ቤት ወሰዷቸው። ተደግፈው ሲቆሙ ግን ሰው ሁሉ ከሕመም ተነሥተው የመጡ መስሎት በደስታ አጨበጨበ። እማማ ቶሎ አመስግነው ተቀመጡ። ቤት ሲመለሱ አለቀሱ። «አጨበጨቡልኝ። ከጭብጨባው በላይ መናገር አቃተኝ። ያን ቀንም እንዲሁ ነበር፤ ሰው ሁሉ እያየኝ ነበር» አሉ። እቴቴ አልገሠጿቸውም፤ አላጽናኗቸውምም። ከዚያ ቀን በኋላ ነው እማማ ቶሎ ነገሩ ሁሉ በሕይወት ታሪካቸው ተጽፎ በቀብራቸው ላይ እንዲነበብ ያዘዙት።

እቴቴ ይህን ሲሰሙ «ሞተሽ ልታመልጪኝ ነው?» አሏቸው።

«አላመልጥሽም። መጥተሽ ትሰሚያለሽ።»

«ቀድመሽ እንደምትሞቺ በምን አወቅሽ? ታላቂቱ እኔ ነኝ።»

«እንግዲህ ለዚህች እንኳ ቶሎ ልበልልሽ» አሉ እማማ ቶሎ። ሁለቱም ሳቁ። አብረው ሲስቁ የሰማናቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እቴቴ ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ዳቦ ይዘው ይመጡ ነበር። ይቅር ብያለሁ ሲሉ የሰማቸው የለም። ታናሿ ልጅ ደፍራ ብትጠይቃቸው «እቶን ነው፤ በራሱ ጊዜ ይበርዳል» አሏት።

እማማ ቶሎ የካቲት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ማለዳ በተወለዱ በሰባ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ። አጠገባቸው የነበሩት እቴቴ ናቸው። ልጆቹ ሲገቡ እቴቴ አልጋው ላይ ጎንበስ ብለው፣ ጉንጫቸውን በዚያ በጠቆረው የእማማ ቶሎ ጉንጭ ላይ አስጠግተው አገኟቸው። እንደዚያ ሆነው ብዙ ቆዩ። ማንም አላስቸኮላቸውም። በመጨረሻ ቀና ብለው «በርዷል» አሉና፣ ራሳቸው ሄደው መስኮቱን ከፈቱት።

ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ ከቤተሰቡ ውስጥ ይህ ሁሉ መነበቡን ያልፈለጉ ነበሩ። የእናት ስም አይጎድፍ ብለው ነው። አንዳንዱን ብቻ እንድንጽፍ ስንመካከር እቴቴ ከጓዳ ሰምተውን ወጡ። «እናንተም በእርጥብ ጭቃ ልትለስኑት ነው?» አሉን። ስለዚህ ሙሉውን ጻፍነው። ጥፋቱ የእርሳቸው ብቻ ነው ብለንም አንጽፍም። ያን ቀን ግቢው ውስጥ ቆመው ወደ እቴቴ ዞረው ያዩት ብዙዎች ነበሩ፤ ዛሬም ከመካከላችን አሉ። በዳቦ ቤቱ በር ላይ ሰላም ሳንል ያለፍንም ልጆችና የልጅ ልጆች አለን።

እማማ ቶሎ የባለቤታቸውን ታላቅ እህት እቴቴን፣ ሦስት ልጆችን፣ የልጅ ልጆችን፣ አብረዋቸው የሠሩ የግቢው ሠራተኞችንና ዘፍዝፈው የተዉትን አንድ ጉድጓድ ጭቃ ትተው አልፈዋል። ጭቃው ሲደርስ ታናሿ ልጃቸው ትተኩሰዋለች።

እርሳቸው የማያውቁትን ሁሉ ያውቅላቸው የነበረ አምላክ፣ የደበቁትንም አይቶ ያልጣላቸው አምላክ፣ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበልልን። ለእቴቴ ዕድሜና ሰላም፣ ለቤተሰቡም መጽናናትን ይስጥልን።

በመጨረሻም፣ እማማ ቶሎ ራሳቸው ቃል በቃል እንዲነበብ ያዘዙት ይህ ነው፦

«የትምህርት ቤቱ ሸክላ የተሰነጠቀው በእኔ ነው። እቶኑን ሳይበርድ ከፈትኩት። ጭቃው ደህና ነበር።»